አሜን፣ ተቀብያለሁ

ሰሞኑን ለምንኖርበት ሕንጻ ደረጃ የሚያጥቡ ሴቶች ተቀጥረዋል። ጠዋት በረኪናቸውን በባልዲ ይዘው ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እኔ በሩን ከፍቼ ስወጣ ሽታው አፍንጫዬን ይዞ ኩዌት፣ ኸይጣን ሰፈር ያደርሰኛል። ሌላው ሰው ያለፈ ዘመኑን በሽቶ ወይም በዘፈን ያስታውሳል፤ ለእኔ የደረሰኝ በረኪና ነው። ያን የማስክ ዘመን ቀኑንም ወሩንም አምታትቼዋለሁ፤ የትኛው ክልከላ ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ዋጋ ግን ጠይቁኝ። አንድ ፓኬት ማስክ በሳምንት ውስጥ ከግማሽ ዲናር ተነስቶ አምስት ዲናር ሲገባ አይቻለሁ። ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ዝንጅብል፣ አገር ቤት ሰው ዞር ብሎ የማያየው ነገር ሁሉ ኩዌት ከተማ ላይ በግራም ተሸጧል፤ የሸጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ልብሱም ትዝ ይለኛል። የእኛ ሴቶች የአሮጌ ነጠላ ጥለት እየቀደዱ ማስክ ይሰፉ ነበር። በየሱቁ ደጃፍ አፋቸው ላይ ጥለት አስረው፣ ተራርቀው ተሰልፈው ሲታዩ ሰርግ የቀረባቸው ሚዜዎች ይመስሉ ነበር።

ሱቄ ኸይጣን ውስጥ የኢራን ዳቦ ከሚጋገርበት ጥግ ሦስተኛው በር ነበር። ሽሮ፣ በርበሬ፣ የፀጉር ቅቤ፣ የስልክ ካርድ፣ ነጠላ እሸጣለሁ፤ አገር ቤት ዕቃ ለሚልክም ካርጎ እቀበላለሁ። መርካቶ ልባሽ ጨርቅ እየጮህኩ ስሸጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ትምህርት ቤቴም እሱ ነው። ሱቁ የእኔ ነው ስል ግን እንደ ኩዌት ደንብ ነው። ፈቃዱ በከፊሌ፣ ዋስ በሆነኝ በአንድ ኩዌታዊ ሽማግሌ ስም ነው፤ እሱ በየዓመቱ ፈርሞ ካላሳደሰው እኔ ሽሮ የታቀፍኩ መንገደኛ ነኝ። የሽማግሌው ሾፌር ግርማ የሚባል ያገሬ ልጅ ነበር። መኪናውን ዐሥራ ምናምን ዓመት ነድቶለታል፤ ሰውየው ስለ አበሻ አንድ ነገር ማወቅ ሲፈልግ የሚጠይቀው ግርማን ነው። ግርማ «በቀለ ደህና ሰው ነው» ካለ ፈቃዴ ይፈረማል። ስለዚህ ግርማ ሱቄ ሲመጣ ከመቀመጫዬ የምነሳለት ለወገንነት ብቻ አልነበረም።

ዓርብ ዓርብ እዚያው ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ የጴንጤዎች ኅብረት ይሰበሰብ ነበር። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም፤ ገበያ ካለበት ግን አልጠፋም። የቤት ሠራተኞች የሚወጡት ዓርብ ነው፤ ከጸሎት ሲወጡ ደግሞ ሽሮ ይፈልጋሉ። ከኋላ ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ እየተቀመጥኩ ቋንቋቸውን ተማርኩ። ሱቅ ውስጥ ጋሽ በቀለ ነኝ፣ እዚያ ወንድም በቀለ። በረከት ሲነገር አሜን ብቻ አይበቃም፤ እጅ ተዘርግቶ «አሜን፣ ተቀብያለሁ» ይባላል፤ በረከቱ ወደ ሌላ ሰው እንዳያልፍ መሰለኝ። መሰብሰብ ሲከለከል ኅብረቱ ወደ ስልክ ተዛወረ፤ እኔም አብሬ ተዛወርኩ። ጠዋት ቃል ይለጠፋል፤ ከሥሩ አርባ ሰው «አሜን፣ ተቀብያለሁ» እያለ ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ የበርበሬ ዋጋ እለጥፋለሁ።

ምሕረት ከእነሱ አንዷ ነበረች፤ ደስማ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ተስፋዬ የግርማ ታናሽ ወንድም ነው። አዲስ አበባ ሆኖ፣ እሷ ስድስት ዓመት በላከችው ገንዘብ በተሠራ ቤት ውስጥ፣ ልጃቸውን ሶስናን ያሳድጋል። ሶስና ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ምሕረት የልጅቷን የወለቀ ጥርስ ፎቶ ያላሳየችው ደንበኛ የለኝም። ክልከላው ሲመጣ ማዳሟ በሩን ቆለፈች። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ ዳቦውም ቲማቲሙም፣ በረኪና ሳይነካው ቤቱ ውስጥ አያልፍም፤ አጣቢዋ ምሕረት ናት። ስልኳንም ወሰደችባት፤ በቀን አንዴ፣ የምሳ ዕቃ ታጥቦ ሲያልቅ፣ ለዐሥር ደቂቃ ትሰጣታለች። አንድ ቀን የበርበሬ ዋጋ ስለጥፍ ምሕረት ከሥሩ «አሜን፣ ተቀብያለሁ» ብላ ጻፈች። ኅብረቱ በሳቅ ሞተ።

«እህት ምሕረት፣ በርበሬ ተወድዷል እኮ፤ እንዴት ብለሽ ትቀበዪዋለሽ?» አልኳት።

በድምፅ መለሰች፤ ከኋላዋ ቧንቧ ይንፏፏል። «ወንድም በቀለ፣ ያለኝ ዐሥር ደቂቃ ነው፤ የሚጠብቀኝ መቶ መልእክት። ሁሉንም አሜን ብዬ ወደ ልጄ እደውላለሁ። የትኛው የእኔ እንደሆነ ጌታ ይለይ።»

እኔም ሳቅኩ። ግን ያቺን ነገር እንደ ጥሩ ዕቃ አንድ ቦታ አስቀመጥኳት፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ።

ከዚያ ኸይጣንን በሽቦ አጠሩት። ትናንት ዳቦ የምገዛበት መንገድ ላይ የሲሚንቶ ግድግዳና እሾሃማ ሽቦ በቀለ፤ ውስጥ ያለነው ውስጥ ቀረን። አንድ ቀን ግርማ የሽማግሌውን መኪና ይዞ፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃዱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ሽቦው ዳር ድረስ መጣና አስጠራኝ። ማስክ በማስክ ሆነን ቆምን፤ የአስፋልቱ ግለት የነጠላ ጫማዬን ሶል ያለሰልሰዋል።

«ጋሽ በቀለ፣ ተስፋዬ ክስ መሥርቷል» አለኝ።

«ማንን ከሶ?»

«ምሕረትን። ፍቺ ነው። ልጅቷም ቤቱም ለእኔ ይወሰንልኝ ብሏል።»

«ሌላ ሴት አለቻ።»

«እሱን ተወው። ፍርድ ቤቱ መጥሪያው ለሚስትህ መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ አለው። ኤምባሲው ዝግ ነው። በጋዜጣ ትጠራ ቢባል እህቷ ታያለች፣ ጠበቃ ትይዛለች።»

«እንግዲያው ወረቀቱን ላክላት።»

«ካነበበችው ዝም አትልም። ለእህቷ ውክልና ትልካለች፣ ትከራከራለች።»

«ታዲያ ከእኔ ምን ፈለግህ?»

«እንዲደርሳት።»

«አሁን እኮ እንዳታነበው አልክ።»

«አዎ። ይድረሳት፤ ግን አይድረሳት።»

«እንዲህ ያለ ካርጎ ጭኜ አላውቅም» አልኩት።

ሳቀ፤ ማስኩ ተነፍቶ ተመለሰ። «ፈቃድህ የሚታደሰው በሚመጣው ወር ነው አይደል?» አለኝ። ድምፁ ላይ ክፋት አልነበረበትም፤ ስለ ሙቀቱ የሚያወራ ይመስል ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ ግርማ ዘዴውን አልነገረኝም። ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ ከሽቦው እስከ ሱቁ ባለው መንገድ ላይ መጣልኝ። ሲመጣልኝም ደስ አለኝ። ነጋዴ ዘዴ ሲገለጥለት መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ማንን እንደሚያርድበት የሚያስበው ቆይቶ ነው።

የምሕረት ስልክ አሮጌ ነው፤ ፎቶ ሲላክለት ካልነኩት አይከፈትም፣ ጭጋግ መስሎ ይቀመጣል። ዐሥር ደቂቃ ያላት ሴት ደግሞ ጭጋግ ከፍታ አታይም። ግርማ በስልክ ያስተላለፈልኝን መጥሪያና የክሱን ቅጂ፣ አራት ገጽ ፎቶ፣ በኅብረቱ ሳይሆን ለብቻዋ ላክሁላት። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «እህቴ ምሕረት፣ በዚህ ሳምንት ደጅሽ ላይ የቆመ ነገር አለ። የተላከልሽን ተቀበይ።» ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም ቃል ውሸት የለበትም። በዚያ ቀን የኮራሁት በዚህ ነበር።

ከምሳ በኋላ መልሱ መጣ። «አሜን፣ ተቀብያለሁ።» ከሥሩም በሌላ መስመር፣ «ጌታ ዘመንህን ይባርክ፣ ወንድም በቀለ።»

ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁት። የመረቀችኝን መስመር ቆረጥኩ፤ ለፍርድ ቤት አያስፈልግም። አሜኗን ግን ተውኩላት፤ ዳኛው እምነት ያላት ሴት ናት ይበል። ከዚያ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ተጠሪዋን በአካል አውቃታለሁ፣ ቁጥሩ የእሷ ነው፣ መጥሪያውን በስልኳ አድርሻለሁ፣ መቀበሏንም በጽሑፍ አረጋግጣልኛለች። ፈረምኩበት። የእኔ ፊርማ ቆንጆ ነው፤ መርካቶ ሳለሁ ለብዙ ሰው ደረሰኝ ስፈርም የተለማመድኩት ነው።

ወቅቱ የወረርሽኝ ስለነበረ ማስረጃው ተቀባይነት አገኘ። ግርማ ትእዛዙን በስልክ አነበበልኝ፤ «ተጠሪ መጥሪያ ደርሷት ስላልቀረበች ጉዳዩ በሌለችበት እንዲታይ» ይላል። በሌለችበት ታየ። ተስፋዬ ቤቱን ብቻውን ነው የሠራው የሚል ምስክር አቆመ፤ የለም የሚል ሰው አልነበረም። እናትየዋ ልጇን አትፈልግም ተባለ፤ ተጠርታ ያልመጣችውም ለዚህ ነው ተባለ። ፍቺው ጸደቀ፣ ልጅቷም ቤቱም ለተስፋዬ ሆኑ። ወዲያው የቤቱ ስልክ ቁጥር ተቀየረ።

ምሕረት ይህን አታውቅም። ኅብረቱ ውስጥ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ልጄ ስልክ ካላነሳችልኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ታማብኝ ይሆን? ጸልዩልኝ።» ከሥሩ አርባ ሰው አሜን አለ። እኔም አልኩ። ዝም ብል ያስታውቅብኛል ብዬ ነው።

አሁን ሳስበው ያ ጊዜ ለንግድ መጥፎ አልነበረም። ሽቦው ሲነሳ ሰው እንደ ተፈታ እስረኛ ገበያ ወጣ፤ ልጃገረዶቹ የክትባት ካርዳቸውን እንደ ሐብል ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው በኸይጣን ጎዳና ይንሸራሸሩ ነበር። ያ የኢራን ዳቦ ቤት እንኳ ሰልፉ እስከ እኔ በር ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከዓመት በላይ ቆይታ፣ የምሕረት ማዳም አንድ ዓርብ እንድትወጣ ፈቀደችላት።

ሱቄ ስትገባ ከእሷ በፊት ሽታዋ ገባ። በረኪና። ጣቶቿ ተልጠው ሮዝ ሆነዋል። ድሮ የማውቀውን ቡናማ ቀሚስ ነው የለበሰችው፤ አሁን ሁለት ምሕረት ይይዛል።

«ወንድም በቀለ፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነህ?»

«ደህና፣ እህት ምሕረት። ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። «እህቴ ሄዳ መዝገቡን አየችው። መጥሪያ ተቀብላለች ይላል። ያንተ ስም አለበት።»

ሽሮ እየመዘንኩ ነበር። ዓይኔን ከሚዛኑ አላነሳሁም። «ልኬልሻለሁ እኮ። ተቀብያለሁ ብለሻል።»

«ብያለሁ። ፎቶውን ግን አልከፈትኩትም። አንተ የምትልክልኝ ወይ ቃል ነው ወይ በርበሬ።»

«የእኔ ሥራ ማድረስ ነው። ከፍተሽ አይተሻል ወይ ብዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረብ አለች። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነው። «ጠበቃ አናግረናል። እንዳላወቅኩ ካስረዳሁ፣ ፍርዱን በሰማሁ በአንድ ወር ውስጥ ፋይሉ እንደገና ይከፈታል። የእኔ ስልክ የለም። ማዳም ስልኩም ቫይረስ አለበት እጠቢው አለችኝ፤ በበረኪና አጠብኩት፣ ሞተ። ከኅብረቱም ያስቀመጠ ሰው አላገኘሁም፤ ያንተ ላይ ግን ሁሉም አለ። ለበርበሬ ዋጋ ተቀብያለሁ ያልኩበትን አሳያቸው። ለካርጎው ማስታወቂያ ያልኩበትን አሳያቸው። ዳኛው ይስቃል። ከሳቀ ይገባዋል።»

ብዙ ተከራካሪ አይቻለሁ፤ መርካቶ የሚያድግ ሰው ሌላ የሚያየው የለም። እንዲህ አድርጎ ጉዳዩን በአንድ እፍኝ ያቀረበ ግን አላየሁም። ትክክል ነበረች። ልጅቷን የሚመልሰው አንድ ስልክና አንድ ደብዳቤ ነው፤ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው እጅም የእኔ ነው።

«በሚመጣው ዓርብ ነይ» አልኳት። «ሁሉንም አሰባስቤ እጠብቅሻለሁ።»

«ማዳምን እለምናታለሁ። አሜን፣ ወንድም በቀለ። ልጄን የመለስክልኝ አንተ መሆንህን ለሶስና እነግራታለሁ።»

በሳምንቱ መካከል መሀል ከተማ ሚርቃብ፣ ሽማግሌው ቢሮ ሄድኩ፤ የዚያ ዓመት እድሳት ነው። ሚርቃብን እወደው ነበር። ሕንጻዎቹ መካከል የምትቀረው ቀጭን ጥላ፣ ፎቅ ለፎቅ ሻይ የሚያዞሩት ሰዎች፣ የልብስ ሰፊዎቹ መስኮት ላይ የተሰቀለው የወንድ ነጭ ቀሚስ። መጠበቂያው ወንበር ላይ ግርማ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ምሕረት ሱቅህ መጥታ ነበር አሉ።»

«ሽሮ ልትገዛ ነው።»

«ሽሮ መሸጥ ጥሩ ነው» አለና ተነስቶ ወደ ሽማግሌው ክፍል ገባ።

እሱ ውስጥ ሳለ ስልኬን አወጣሁ። መጀመሪያ አንድ በአንድ ነበር የማጠፋው። ለሽሮ ዋጋ፣ አሜን ተቀብያለሁ። ለፀጉር ቅቤ ማስታወቂያ፣ አሜን ተቀብያለሁ። በስሕተት ለላክሁት የጉልበቴ ራጅ እንኳ፣ አሜን ተቀብያለሁ። በዚህኛው ሳቅኩ፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሕንዳዊ አብሮኝ ፈገግ አለ። እንደዚህ ስቄ ካነበብኩ አልጨርሰውም አልኩና ሁሉንም አንድ ላይ አጠፋሁት። ግርማ በሩን ከፍቶ «ግባ፣ ሊፈርምልህ ነው» አለኝ።

ዓርብ መጣች። ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛለች፤ ለወረቀት እንዳታስወጣኝ ብላ ነው። ስልኬን ሰጠኋት። «ሞልቶብኝ ነበር፤ ሁሉም ጠፋ» አልኳት። ባዶውን ስክሪን በተላጠ ጣቷ ወደ ላይ ገፋችው፣ እንደገና ገፋችው፤ ከሥሩ አንድ ነገር የተደበቀ ይመስል።

«ደብዳቤውንስ?»

«የማውቀውን አንዴ ጽፌ ፈርሜአለሁ። አሁን ሌላ ብጽፍ ሐሰተኛ ምስክር ነው የሚሉኝ።»

ወረቀቷን አጠፈችው። «ጋሽ በቀለ» አለችኝ፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ወንድምነቴ ቀረ። «ሶስና ስደውልላት መጀመሪያ ትለኝ የነበረውን ታውቃለህ? ደህና ነሽ ወይ አትልም ነበር። ‹እማ፣ ስንት ደቂቃ አለሽ?› ነበር የምትለኝ።»

«ጌታ ይባርክሽ» አልኳት፤ ልማድ ነው። ምሕረት ለመጀመሪያ ጊዜ አሜን ሳትል ወጣች።

ሱቁስ? ሱቁን ከሁለት ዓመት በኋላ ግርማ ለሚስቱ ወንድም አሰጠው። ሽማግሌውን ምን ብሎ እንዳስፈረመው አልጠየቅኩም፤ ማስታወቂያ እንኳ አልደረሰኝም። እኔም ሻንጣዬን ይዤ አዲስ አበባ ተመለስኩ፤ አሁን እዚሁ ሕንጻ ሥር ቅመም እሸጣለሁ፤ የድሮዎቹ ደንበኞቼም በስልክ ያዙኛል። ባለፈው ዓመት የምሕረትን እህት ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ፊቷን ታዞራለች ስል ቆማ ነገረችኝ። ሶስና አድጋለች። አባቷ «እናትሽ ተጠርታ ቀረች» ብሎ ነው ያሳደጋት። አክስቷ ነገሩ እንደዚያ አይደለም ብላ ልታስረዳት ብትሞክር ልጅቷ፣ «ተቀብያለሁ ብላ በእጇ ጽፋለች፤ አባዬ አሳይቶኛል» አለቻት። እኔ ቆርጬ የላክሁት ፎቶ ነው። ምሕረት ዛሬም ደስማ ናት፤ ማዳሟ አልተቀየረችም።

በዘንድሮው በዓል ዕለት ጠዋት፣ ደረጃው እንደተለመደው በበረኪና ሲታጠብ፣ ስልኬ መልእክት በመልእክት ሆነ። ነጋዴ ለሁሉም ይመልሳል። ለኦርቶዶክሱ እንደ ኦርቶዶክሱ፣ ለሙስሊሙ እንደ ሙስሊሙ፣ ለጴንጤው እንደ ጴንጤው፤ ጣቴ ራሱ ያውቀዋል። አንዱ ከማላውቀው የኩዌት ቁጥር ነበር። ጭጋግ የመሰለ ያልተከፈተ ፎቶ፣ ከሥሩ «ወንድም በቀለ፣ መልካም በዓል። የተላከልህን ተቀበል» የሚል። የድሮ ደንበኛ ናት ብዬ «አሜን፣ ተቀብያለሁ» አልኩና ወደ ቀጣዩ አለፍኩ።

ሻይ ስጠጣ ነው ቃሉ የእኔ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ተመልሼ ፎቶውን ነካሁት። እንደ በዓል ካርድ አበባ የለውም። እጥፋቱ የሚታይ ነጭ ወረቀት ነው፤ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ተጽፎበታል። «እግዚአብሔር እንደ ሥራህ ይክፈልህ። ምሕረት።»

እርግማን የሚያስፈራኝ ሰው አይደለሁም። ተቀብያለሁ ብሎ የፈረመ ሰው ምን እንደሚደርስበት ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መልሴን ለማጥፋት ቸኮልኩ፤ ጣቴ ሳይደርስ ከመልሴ ሥር ያሉት ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። ወዲያውም አንዲት ቃል ገባች።

«ደርሶሃል።»